አንድ ግቢ፣ ስንት ቤት?

(የመግቢያ ሙዚቃ ለጥቂት ሰከንድ ይሰማና ዝቅ ይላል)

 

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ ቤት ነው። ቤት ሲነሣ የኮንዶሚኒየም ዕጣ፣ የሊዝ ጨረታ ዋጋና የሪል ስቴት ማስታወቂያ ብዙ ይወራል። እኛ ዛሬ የምናነሣው በጨረታም በዕጣም ያልመጣውን፣ በየግቢው ጀርባ ዝም ብሎ እየበዛ ያለውን ቤት ነው። ለምሳሌነት መካኒሳ አቦን መርጠናል፤ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ውስጥ ያለውን ሰፈር ማለቴ ነው። የሌላ ሰፈር ሰዎችም አዳምጡ፤ ጎፋም ብትኖሩ የካም ነገሩ ብዙም አይለይም።

መካኒሳን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከሳር ቤት ወደ ታች ወርዳችሁ ከዋናው አስፋልት ወደ ውስጥ ስትታጠፉ ግራና ቀኝ የብረት በርና አጥር ነው። ከውጭ ለሚያይ እያንዳንዱ በር አንድ ቤተሰብ የሚኖርበት ቪላ ይመስላል። ካርታውም የሚለው ይህንኑ ነው፤ አንድ ይዞታ፣ አገልግሎቱ መኖሪያ። በሩ ሲከፈት ግን ሌላ ዓለም አለ። ፊት ለፊት በቪላው ባለቤቶቹ ይኖራሉ። ከኋላ አጥሩን ተደግፈው ሰርቪስ ክፍሎች ተደርድረዋል። አንደኛው ውስጥ አዲስ ተጋቢዎች አሉ። ቀጥሎ ያለውን ሦስት ወጣት ሠራተኞች ተጋርተው ተከራይተውታል። ጥግ ላይ ባለችው ክፍል ልጇን የምታሳድግ እናት ትኖራለች። መኪና ማቆሚያው ራሱ መኪና ካየ ቆይቷል፤ በብሎኬት ተደፍኖ፣ መስኮት ወጥቶለት ተከራይቷል። ያልጠቀስኩትንም አንድ ክፍል ጨምረን ቆጠርን እንበል፤ ከባለቤቶቹ ጋር ስድስት አባወራ። የመብራት ቆጣሪው ግን አንድ ነው። የውኃው መስመርም አንድ፣ የመፀዳጃው ጉድጓድም አንድ።

እንግዲህ የዛሬው ጥያቄያችን ከዚህ ይነሣል። በአንድ ቦታ ላይ ስንት ቤት ይሠራ የሚለውን ማን ይወስናል? ሕጉስ ምን ይላል? ሕጉ ቢፈቅድስ ሰዉ ለምን ወደ ላይ አይሠራም?

(አጭር መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

መጀመሪያ ወደ ውጭ አገር ብቅ እንበል። ሚኒያፖሊስ ዘመድ ያለው አድማጭ ጥቂት እንደማይሆን አውቃለሁ፤ የአገራችን ሰው በብዛት ከሚኖርባቸው የአሜሪካ ከተሞች አንዷ ናት። እዚያ ለረጅም ዘመን አብዛኛው የመኖሪያ ሰፈር በሕግ የተከለለው ለአንድ ቤተሰብ ቤት ብቻ ነበር። ቦታው ሰፊ ቢሆንም፣ ባለቤቱ ቢፈልግም፣ ሁለተኛ ቤት መጨመር ክልክል ነበር። የቤት ዋጋና ኪራይ ሲንር ጊዜ የከተማዋ ምክር ቤት እንደ ፈረንጆቹ በ2018 መጨረሻ አዲስ ፕላን አጸደቀ፤ ከ2020 ጀምሮም በአንድ ቦታ ላይ እስከ ሦስት መኖሪያ መሥራት ተፈቀደ። ክስ ቀርቦበት ፍርድ ቤት ለጊዜው ያገደበት ወቅትም ነበር፤ ጎረቤት የማያስደስተው ነገር የትም አገር ፍርድ ቤት መድረሱ አይቀርም።

ውጤቱ አስተማሪ ነው። ብዙ ሰው በየግቢው ሦስት ሦስት ቤት ይሠራል ብሎ ጠብቆ ነበር። የተሠሩት ጥቂት ናቸው። ቤት በብዛት የተገኘው የአውቶቡስና የባቡር መስመር ባለባቸው መንገዶች ዳር ከተፈቀዱት የአፓርታማ ሕንፃዎች ነው። በአንጻሩ የኒውዚላንዷ ኦክላንድ እንደ ፈረንጆቹ በ2016 ከመኖሪያ መሬቷ ሦስት አራተኛ ያህሉን ለተጨማሪ ቤት ስትከፍት የግንባታ ፈቃድ ቁጥር በጣም ጨመረ። አንድ አሮጌ ቤት አፍርሰው በቦታው አራት ወይም ስድስት ተያያዥ ቤት የሚሠሩ ትንንሽ ተቋራጮች በረከቱ። ሁለቱም ከተሞች ፈቀዱ፤ አንዱ ጋ በየግቢው ግንባታው መጣ፣ አንዱ ጋ ብዙም አልመጣም። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ መካኒሳ ስንደርስ ይጠቅመናል።

(አጭር መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። አንድ ቤተሰብ፣ አንድ ቤት የሚለው ነገር እኛም ጋ ታሪክ አለው፤ ምክንያቱ ግን ከአሜሪካው ፈጽሞ ይለያል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ከዚያ በፊት የአዲስ አበባ መሬት በጥቂት ባለመሬቶች እጅ ነበር፤ አብዛኛው ነዋሪ ተከራይ ነበር። አዋጁ አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ደነገገ፤ ለመኖሪያ ቤት መሥሪያ የሚሰጠውንም ቦታ እስከ 500 ካሬ ሜትር ወሰነው። የትርፍ ቤት ኪራይ ቀነሰ፤ ወርኃዊ ኪራያቸው ዝቅተኛ የሆኑት ለቀበሌ፣ ከፍ ያሉት ለኪራይ ቤቶች ድርጅት ተላለፉ።

ተከራይ የነበረው ሰው ያን ቀን እንዴት እንደተደሰተ ያየ ያውቀዋል። ነገር ግን አዋጁ ሌላ ውጤትም አመጣ። የግል ሰው ለኪራይ ብሎ ቤት መሥራቱን አቆመ፤ ሠርቶ ምን ሊያደርገው? ከተማው ሲያድግ አዲስ የኪራይ ቤት የሚጨምር አልነበረም። በደርግ ዘመንም ከዚያም ወዲህ በቤት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው ቦታ የተመሩ ቤተሰቦች ግን በደቡቡ የከተማ ክፍል ቪላቸውን ሠሩ፤ ከጀርባው ለሠራተኛና ለማብሰያ የሚሆን ሰርቪስ ጨመሩ። ሥርዓቱ ሲለወጥና ማከራየት ሲፈቀድ እነዚያ የሰርቪስ ክፍሎች ዝግጁ ሆነው ተገኙ። እንጀራ መጋገሪያው ክፍል ተከራየ። ጡረታ ብቻውን አልበቃ ያላቸው አባት ሁለት ክፍል ጨመሩ። ልጁ ሲያገባ አንድ ክፍል ተቀጠለ። ይኸው አሁን ያየነው ግቢ ተወለደ። ማንም ፕላን አላወጣለትም፤ ማንም አልፈቀደለትም፤ ግን የከተማዋን ሰው ተሸክሞ የቆየው እሱ ነው። ሕገ ወጥ ነው ብሎ በአንድ ቃል መዝጋት ቀላል ነው፤ እነዚያ ክፍሎች ባይኖሩ ተከራዮቹ የት ይገቡ ነበር ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

አሁን ወዳለው ፕላን እንምጣ። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ከተሞች መዋቅራዊ ፕላን እንዲኖራቸው፣ ዘመኑም 10 ዓመት እንዲሆን ደነገገ። አዲስ አበባ አሁን የምትመራበት መዋቅራዊ ፕላን በ2009 ዓ.ም. የጸደቀው ነው። የዚህ ፕላን መንፈስ ከሚኒያፖሊሱ አሮጌ ሕግ ተቃራኒ ነው። አንድ ቤት ብቻ ሥሩ አይልም። ከተማዋ ወደ ጎን መስፋቷን አቁማ ወደ ላይ እንድታድግ፣ መኖሪያና ሱቅ፣ መኖሪያና ቢሮ ተቀላቅለው እንዲሠሩ ነው የሚፈልገው። ከመሬቱ 30 በመቶው ለመንገድ፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴ ቦታ፣ 40 በመቶው ለግንባታ የሚለውን ቀመር ሰምታችኋል። ለግንባታ የሚቀረው 40 በመቶ ብቻ ከሆነ ሰዉ ፎቅ ላይ ካልወጣ የትም አይበቃም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። በአሜሪካው ሕግ ጣጣው ጣሪያው ነበር፤ ከዚህ በላይ አትሥሩ ይላል። በአዲስ አበባ ዋና መንገድ ዳር ግን ጣጣው ወለሉ ነው፤ ከዚህ በታች አትሥሩ ይላል። በዋና አስፋልት ላይ ያለ ሰው ያረጀ የጭቃ ቤቱን አፍርሶ በብሎኬት አንድ ፎቅ ልሥራ ቢል ለቦታው የተወሰነው ከፍታ ከዚያ በላይ ነው ሊባል ይችላል። ገንዘቡ ለዚያ ሕንፃ አይበቃውም። ስለዚህ ምን ያደርጋል? አይሠራም። አሮጌው ቤት እየዘመመ ይቆያል፤ ባለቤቱም ሸጦ መውጣትን ያስባል። ሁለተኛው ዙር የኮሪደር ልማት ከሳር ቤት በካርል አደባባይና በአቦ ማዞሪያ በኩል ወደ ላፍቶና ፉሪ ሲዘረጋ የመንገድ ዳር ይዞታ ምን ያህል እንደሚፈለግ የሰፈሩ ሰው በዓይኑ አይቷል። የውስጥ ለውስጡ መንገድ ላይ ደግሞ ፎቅ ቢፈቀድም ብዙው ግቢ አሁንም ቪላና ሰርቪስ ነው።

እስቲ ሒሳብ እንሥራ። ወረቀትና እስክሪብቶ ያላችሁ ያዙ።

ቦታችን 200 ካሬ ሜትር ነው እንበል። ከቦታው ግማሹ በሕንፃ እንዲሸፈን፣ ግማሹ ክፍት እንዲሆን ተፈቀደ እንበል። ሕንፃው መሬት ላይ 100 ካሬ ያርፋል ማለት ነው። ጂ ፕላስ ሦስት ብንሠራ አራት ወለል ይሆናል፤ አራት ጊዜ መቶ፣ 400 ካሬ ሜትር። ደረጃውን፣ ግድግዳውንና መተላለፊያውን ስንቀንስ በእያንዳንዱ ወለል ከ40 ካሬ ትንሽ የሚበልጡ ሁለት ቤቶች ይወጣሉ። በጠቅላላው ስምንት ቤት።

አሁን ቅድም የቆጠርነውን ግቢ አስታውሱ። ስድስት አባወራ ነበረበት። ስምንት ቢሆን የጨመረው ሁለት ብቻ ነው! ሰዎች ጂ ፕላስ ሦስት ሲባል ሰፈሩ በሰው ይጥለቀለቃል ብለው ይፈራሉ። ሰዉ እኮ ገብቷል። የሚለወጠው አኗኗሩ ነው። አሁን ሦስት በአራት በሆነ ክፍል፣ በ12 ካሬ ውስጥ አልጋውም ምድጃውም ልብሱም አንድ ላይ ሆኖ፣ ለሽንት ቤት ተራ እየጠበቀ የሚኖረው ቤተሰብ የራሱ ማብሰያ፣ የራሱ መታጠቢያና የራሱ በር ይኖረዋል። ያ ደግሞ ግቢው ውስጥ ለልጆች መጫወቻ የሚሆን ክፍት ቦታ ሳይነካ ነው። የሰርቪስ ግንባታ አንዱ ክፋት እኮ ይህ ነው፤ ወደ ጎን እየሰፋ ግቢውን ይበላዋል፤ መጨረሻ ላይ አንድ ሰው የሚያልፍበት ስርጥ ብቻ ይቀራል። እሳት ቢነሣ የሚወጣበት መንገድ የት አለ?

(አጭር መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

እንግዲያስ ሰዉ ለምን አይሠራም? ገንዘብ ነው ትሉኛላችሁ፤ እውነት ነው። ሲሚንቶውም ብረቱም ዋጋቸው የታወቀ ነው። ሰርቪስ ግን አንድ አንድ ክፍል እየተደረገ፣ ዕቁብ ሲወጣ አንድ፣ ከውጭ ገንዘብ ሲላክ አንድ እየተባለ ይሠራል። ፎቅ እንደዚያ አይሠራም፤ መሠረቱን ስትጥሉ ገና ያልተሠራውን አራተኛ ወለል ክብደት አስባችሁ ነው። ነገር ግን ከገንዘቡ ሌላ ሦስት ጉዳዮች አሉ፤ ሰዉ ብዙም የማያወራቸው፣ እኔ ግን ከገንዘቡ እኩል ይከብዳሉ የምላቸው።

ከባለቤትነቱ እንጀምር። ለመካኒሳ ቤተሰቦች ይህ በተለይ የውርስ ጉዳይ ነው። አባትና እናት ቪላውን ትተው አረፉ፤ ልጆች አራት ናቸው። መሬቱን አራት ቦታ መቁረስ አይቻልም፤ ከተወሰነ ስፋት በታች ይዞታ አይከፈልም፤ ቢከፈልም 50 ካሬ ላይ ምን ይሠራል? ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ቤቱን ሸጦ መካፈል ነው። ቤተሰቡ ይበተናል፤ ተከራዮቹም አብረው ይወጣሉ። ሌላ መንገድ ግን አለ። በ1995 የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ፣ ቁጥር 370፣ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ያሉ ቤቶች ለየብቻ ባለቤት እንዲኖራቸው አስችሏል። ይህን አዋጅ የምናውቀው በመንግሥት ኮንዶሚኒየም ነው፤ ጀሞ ላይ በተደረደሩት ብሎኮች። ነገር ግን አዋጁ ለመንግሥት ሕንፃ ብቻ የወጣ አይደለም። አራቱ ወራሾች ተስማምተው አንድ ሕንፃ ቢያቆሙ መሬቱን ከመቁረስ ወለሉን መከፋፈል ይችላሉ። ደረጃው፣ ጣሪያውና ግቢው የጋራ ይሆናል፤ ለማስተዳደሪያው ማኅበር ይቋቋማል፤ እያንዳንዱ ቤት ግን በየስሙ ይመዘገባል። የራሱን ቤት አስይዞ ከባንክ ለመበደርም የተሻለ ዕድል ያገኛል።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው የይዞታው ዓይነት ላይ ነው። በ2004 የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 እንደደነገገው በነባር ይዞታ፣ ማለትም በሊዝ ባልተያዘ ቦታ፣ ላይ ያለ ቤት በውርስ ሲተላለፍ ይዞታው ወደ ሊዝ አይገባም። በሽያጭ ወይም በሌላ መንገድ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ግን ገዢው ቦታውን በሊዝ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ወንድማማቾች ሠርተው ቢኖሩበት አንድ ነገር ነው፤ ሦስተኛውን ፎቅ ሸጠን ወጪውን እንሸፍን ካሉ ሌላ ሒሳብ ይመጣል። ይህን ሳያጣሩ ውል የሚፈርሙ አሉ። በተለይ “እናንተ ቦታ፣ እኔ ገንዘብ” ብሎ ከሚመጣ ገንቢ ጋር በሽርክና ለመሥራት የምታስቡ፣ ስንተኛው ወለል የማን እንደሆነ፣ ግንባታው መቼ እንደሚያልቅ፣ ቢቋረጥ ምን እንደሚሆን፣ እስከዚያው የምትኖሩበትን ቤት ኪራይ ማን እንደሚከፍል በጽሑፍ ይቀመጥ። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በሚመለከተው አካል ፊት ካልተመዘገበ እንደማይጸና የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1723 ያስቀመጠው ነው። ደላላ መሐል ቆሞ የተባባላችሁት ነገር፣ ሽማግሌ ቢሰማውም፣ ፍርድ ቤት ሲደርስ ይቀላል።

ቀጥሎ መሬቱና ሕንፃው ራሱ አለ። በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፈለ። በዚያ አዋጅ ምድብ ሀ ዝቅተኛና ቀላል የመኖሪያ ቤቶችን ይይዝ ነበር። ከዚያ ከፍ ያለው ምድብ ለ ነበር፤ ከመሬት 12 ሜትር የሚያልፈው ሕንፃ ደግሞ ከሕዝብ መገልገያዎችና ከፋብሪካዎች ጋር ምድብ ሐ ውስጥ ይገባ ነበር። ወለሉ ሦስት ሦስት ሜትር ቢሆን አራት ወለል ልክ 12 ሜትር ነው። በዚያ አከፋፈል ጂ ፕላስ ሦስታችን መስመሩ ላይ ይቆም ነበር፤ መሬቱን ትንሽ ከፍ ካደረጋችሁት ወይም አንድ ወለል ከጨመራችሁ ከትልልቆቹ ጋር ይቆጠር ነበር፤ የሚጠየቀው ባለሙያ፣ የሚቀርበው ጥናትና ቁጥጥሩም ያድግ ነበር። ባለሙያ ስታነጋግሩ መጀመሪያ የምትጠይቁት ሕንፃችሁ አሁን በሚሠራበት ሕግ የት እንደሚመደብ ይሁን።

የቁጥጥሩን ጥብቅነት ግን አልነቅፍም። የደቡብ አዲስ አበባ አፈር ብዙ ቦታ ላይ ጥቁር ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። በዚህ አፈር ላይ ጥልቀት የሌለው መሠረት ያለው ቤት ግድግዳው ሲሰነጠቅ ሁላችንም አይተናል። የድሮ ቪላችሁ ላይ “አንድ ፎቅ እንጨምርበት” የሚላችሁ ግንበኛ ሲመጣ የአፈር ምርመራ የት አለ በሉት። ቪላው ሲሠራ ፎቅ አልታሰበለትም፤ ብዙው ኮለን እንኳ የለውም፤ ሸክሙን የያዘው ብሎኬቱ ነው። በመስከረም 2017 መጨረሻ ፈንታሌ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ እዚህ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ የፎቅ ነዋሪዎች ወደ ደጅ ሲወርዱ ትዝ ይላችኋል? በዚያች ምሽት ስለ ኮለንና ስለ አርማታ አስቦ የማያውቅ ሰው ሁሉ አሰበ።

ሦስተኛው ጉዳይ ሽንት ቤቱ ነው። ይቅርታ፣ ምሳ ላይ ያላችሁ፤ ግን ሳይነገር አይታለፍም። ስድስቱ አባወራ ሃያ ሰው ናቸው እንበል፤ ውኃ በጀሪካን እየቀዱ እያንዳንዳቸው በቀን 30 ሊትር ቢጠቀሙ 600 ሊትር ነው። ስምንቱ ቤት ሲሠራ ሠላሳ ሰው ይሆናል፤ ገላ መታጠቢያውና ሽንት ቤቱ ቤት ውስጥ ስለሚገባ አንድ ሰው 70 ሊትር ቢጠቀም በቀን 2,100 ሊትር ይወጣል። ሰዉ በግማሽ ነው የጨመረው፤ ፍሳሹ ግን ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ። ለአንድ ቪላ የተቆፈረው ጉድጓድ ይህን እንዴት ይችላል? በየወሩ የፍሳሽ መኪና መጥራት፣ ካልሆነም ሌሊት ወደ ቦዩ መልቀቅ ይመጣል። የተለቀቀው ደግሞ የትም አይጠፋም፤ ቁልቁል ወርዶ ትንሹ አቃቂ ወንዝ ይገባል፤ ከታች በወንዙ አትክልት የሚያለሙ ገበሬዎች አሉ፤ አትክልቱም ተመልሶ ወደ እኛው ገበያ ይመጣል።

የቃሊቲ ፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ በ2010 ተስፋፍቶ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ የማጣራት አቅም ላይ ደርሷል። ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ጣቢያው ሰፊ መሆኑና የእናንተ ግቢ ከመስመሩ ጋር መገናኘቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ፎቅ ከማሰባችሁ በፊት የውኃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ቅርንጫፍን መስመሩ በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ ግቢያችሁ ከመስመሩ ከፍ ወይም ዝቅ ያለ መሆኑን ጠይቁ። ዝቅ ካለ ፍሳሽ ሽቅብ አይሄድም። እንደ እኔ ከሆነ ለአንድ መንደር ጂ ፕላስ ሦስት ሲፈቀድ ከፈቃዱ ቀድሞ መምጣት ያለበት ይህ ቱቦ ነው። ኦክላንድ ላይ ትንንሾቹ ተቋራጮች መሥራት የቻሉት ፈቃድ ስላገኙ ብቻ አይመስለኝም፤ የሚያገናኙት መስመርም የሚያበድራቸው ባንክም ነበራቸው።

(አጭር መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

እስካሁን የተናገርኩት ለባለ ግቢው ነው። ተከራዩስ? እውነቱን እንነጋገር፤ በ12 ካሬ ክፍል የሚኖር ሰው 40 ካሬ ቤት ሲሠራ ኪራዩን ላይችለው ይችላል። ግቢው ያምራል፤ እሱ ግን ከፉሪ ወዲያ ወጥቶ በሁለት ታክሲ ወደ ሥራው ይመላለሳል። ስለዚህ ምድር ቤቱ ላይ ሃያ ካሬ የሚሆኑ ስቱዲዮዎች እንዲሠሩ ፕላኑ ቢፈቅድ፣ እንዲያውም ቢያበረታታ፣ ስምንቱ ቤት አሥር ይሆናል፤ የቀድሞ ተከራዮችም የሚመለሱበት ያገኛሉ። ለአከራዩም አይከፋም፤ ትንንሽ ቤት ቶሎ ይከራያል።

እስከዚያው ተከራዮች መብታችሁን እወቁ። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። አከራዮችም አፍርሳችሁ ለመሥራት ካሰባችሁ የውሉን ዘመን ከግንባታ ፈቃዱ ጊዜ ጋር አያይዛችሁ አስቡት። ፈቃድ በእጃችሁ ገብቶ፣ ተቋራጭ ቀጥራችሁ፣ ውሉ ገና አንድ ዓመት ከመንፈቅ የቀረው ተከራይ ቤት ውስጥ ካለ ጠብ ነው የሚተርፈው።

ስለ ጎረቤትም አንድ ቃል። ፎቅ ሲሠራ የመጀመሪያው አቤቱታ መስኮት ነው፤ “ግቢዬን ቁልቁል ያዩኛል” የሚል። ልክ ናቸው። ሕንፃ ከድንበር የሚርቅበት መጠንና ወደ ጎረቤት የሚከፈት መስኮት ሕግ አለው፤ ነገር ግን ሕጉን አሟልቶ መሥራት አንድ ነገር ነው፣ ዲዛይኑ ሳይጠናቀቅ ፕላኑን ይዞ ጎረቤት ቤት ቡና ላይ መቀመጥ ሌላ ነው። ደረጃውን ወደ እነሱ በኩል፣ ሳሎኑን ወደ መንገድ ማዞር ወረቀት ላይ ምንም አያስወጣም፤ አርማታው ከተሞላ በኋላ ግን አይነካም።

ለመጀመር የምትፈልጉ፣ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታችሁን ይዛችሁ በመጀመሪያ ወደ ክፍለ ከተማው የግንባታ ፈቃድ ክፍል ሂዱና የፕላን ስምምነት ጠይቁ። ቦታችሁ ላይ ስንት ወለል እንደሚፈቀድ፣ ዝቅተኛ ከፍታ የተወሰነበት መሆን አለመሆኑን፣ መንገድ የሚነካው ከሆነ ስንት ሜትር እንደሚነካው የምታውቁት እዚያ ነው። ይህን ሳትይዙ ዲዛይን አታሠሩ። አዋጆቹም መመሪያዎቹም ይሻሻላሉና አሁን የሚሠራበትን ጠይቁ፤ እኔ ዛሬ የጠቀስኳቸው ቁጥሮች የመነጋገሪያ መነሻ ይሁኗችሁ።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። በ2009 የጸደቀው መዋቅራዊ ፕላን አሥር ዓመቱ እየተቃረበ ነው። የፕላን አዋጁ ፕላን ከመጽደቁ በፊት ሕዝብ አስተያየት እንዲሰጥበት ያዛል። ውይይቱ ሲጠራ ብዙ ጊዜ የምንናገረው ስለ ካሳና ስለ መንገድ ብቻ ነው። የመካኒሳ ሰው ሌላም የሚጠይቀው አለው። በዋና መንገድ ዳር ሙሉውን ከፍታ አሁን መሥራት የማይችል ባለቤት መሠረቱን ለሙሉው አዘጋጅቶ በሁለት ዙር እንዲሠራ ይፈቀድለት ብሎ መጠየቅ ይችላል። ለ150 እና ለ200 ካሬ ቦታ አስቀድሞ የጸደቀ፣ የአፈሩን ዓይነት ያገናዘበ የጂ ፕላስ ሦስት ዲዛይን በክፍለ ከተማው ይቀመጥልን፣ እያንዳንዳችን እንደ አዲስ አንጀምር ማለት ይችላል። ወራሾች ወለል ተከፋፍለው ለየብቻ ሲመዘገቡ የሚያስተናግድ አንድ መስኮት ይከፈት፤ ቱቦውም በየትኛው ዓመት በየትኛው መንደር እንደሚዘረጋ ከፕላኑ ጋር ይለጠፍ። እነዚህን ጥያቄዎች ጽፋችሁ ለወረዳችሁ አስቀድማችሁ ብታስገቡ የስብሰባው ቀን ማይክራፎን ካልደረሳችሁም ፋይል ላይ ይገኛሉ።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን የጋራ ሕንፃ ማኅበር እንዴት እንደሚቋቋምና የደረጃ መብራትና የጣሪያ ጥገና ወጪ እንዴት እንደሚከፋፈል እንመለከታለን። 

(የመዝጊያ ሙዚቃ)